የአያቴ ግራሞፎን ሞላው ይዘላል፤ የአምሀ ሪከርድስ ሸክላስ ይጫወትበታል?

የሙጋድ እናት (ደሴ)፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። አያቴ ትተውልን ያለፉት በማኖቬላ የሚጠመዘዝ የሻንጣ ግራሞፎን አለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡናው እስኪፈላ እኔና ልጆቼ እንፈታታዋለን። ካቻቢቴው በእኔ እጅ ነው፤ ትልቋ ልጄ ብሎኖቹን እንደ አወጣጣቸው በእንቁላል ትሪ ላይ ትደረድራለች፤ ታናሽየው ሁሉንም ነገር በሳኒታይዘር ካልወለወልኩ ይላል። ባለቤቴ ጀበናው አጠገብ ተቀምጦ አስተያየት ይሰጣል።

ሞላው ሲሠራ በመካከል «ጓ!» ብሎ ይዘላል፤ ዘፈኑም ወደ መጨረሻው እየተጎተተ ኮረዳዋን ዘፋኝ ሽማግሌ ያደርጋታል። ጉሙ ከጦሳ ሳይነሣ ጠዋት ከሆነማ አይጣል ነው። ሌላው፣ በካርቶኑ ውስጥ ከወፋፍራሞቹ ሸክላዎች ጋር ትንንሾቹ የአምሀ ሪከርድስ ሸክላዎችም አሉ። እነሱንስ ይችላል? እናቴ አምባሰል አሰሙኝ ብላ ይዛናለች። «አዲስ ግዢ» የምትሉኝን ከወዲሁ አመሰግናለሁ።

ባለ ጋራዡ (ኮምቦልቻ)፦
አብሽሪ እኅቴ፣ ሞላው አልተሰበረም። ቢሰበር ኖሮ ማኖቬላው ምንም ሳይይዝ ይዞርልሽ ነበር። የደረቀው ግራሶው ነው። የሞላው ጥቅልሎች እርስ በርስ ተጣብቀው ይቆዩና ባንድ ጊዜ ይላቀቃሉ፤ ጓ የሚለው ያ ነው። ብርድ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ሞላውን ከቤቱ ከማውጣትሽ በፊት ግን ራሱ ዞሮ ዞሮ እስኪቆም ኃይሉን አስጨርሺው። የታመቀ ሞላ እጅ ይቆርጣል፤ በዚያች ሰዓት ልጆቹ ውጭ ይጫወቱ፣ አንቺም ወፍራም ጓንት አድርጊ። በነጭ ጋዝ እጠቢው፣ በደንብ አድርቂው፣ ግራፋይት ያለበት ግራሶ ቀቢው። ፍጥነቱን የሚቆጣጠሩትን ሦስት ትንንሽ የእርሳስ ክብደቶችም እያቸው፤ እነሱ ሥር ያለችው ቁራጭ ቆዳ ከደረቀች ጠብታ ዘይት ትፈልጋለች። ስትጨርሺ ከሸክላው ሥር የወረቀት ቁራጭ አስገቢና ዙሩን ቁጠሪ፤ በደቂቃ 78 መሆን አለበት።

ሸክላ ሰብሳቢ (ወልድያ)፦
የአምሀን ሸክላ በዚያ ላይ እንዳታስቀምጪ፣ በእናትሽ! አምሀ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ያሳተማቸው በደቂቃ 45 የሚዞሩ ቪኒሎች ናቸው። ቪኒል ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ የግራሞፎን ክንድ ከባድ፣ መርፌውም ብረት ስለሆነ አንዴ ሲያልፍበት ያርሰዋል። ለእናትሽ አምባሰል የኤሌክትሪክ ማጫወቻ ተዋሺ።

ወፋፍራሞቹ የድንጋይ ዱቄት ስላለባቸው የሚያልቀው መርፌው ነው፤ አንድ ገጽ ባጫወትሽ ቁጥር ቀይሪው። ሳኒታይዘሩን ደግሞ ከልጁ ውሰጂበት። አልኮል የድሮውን ሸክላ ያሟሟዋል። ለብ ያለ ውሃና ጥቂት የዕቃ ሳሙና ይበቃል፤ መሃሉ ላይ ያለው ወረቀት ግን እንዳይርስ።

የሙጋድ እናት፦
ሳኒታይዘሩ ቁም ሣጥን ላይ ወጥቷል፤ ልቅሶም ነበር። በየገጹ አዲስ መርፌ ከየት ላምጣ?

ሸክላ ሰብሳቢ፦
ዱሮ ከቀርከሃና ከቁልቋል እሾህ የተሠሩ መርፌዎችም ይሸጡ ነበር። ድምፃቸው ዝግ ይላል እንጂ ለሸክላው ይራሩለታል። እሾህ ደግሞ ለእኛ አገር ሰው ብርቅ አይደለም። ጠንካራና ደረቅ ምረጡ፣ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አሹሉት፤ ሙከራው ግን በተሰነጠቀ ሸክላ ላይ ይሁን።

ባለ ጋራዡ፦
ግራሶው ከጠፋ ኮምቦልቻ ብቅ በሉ፤ ትንሽ አለኝ። የእንቁላል ትሪዋን ልጅ ይዘሻት ነይ።