የምድር ባቡሩ ሙዚየም፦ ለገሃር ወይስ ድሬ?

አወያይ፦ ለአሮጌው የጅቡቲ መስመር ሙዚየም ይሠራ ቢባል የት ይሁን? የአዲስ አበባው ለገሃር ወይስ ድሬዳዋ? ምክንያት ጻፉ፤ ስድብ አጠፋለሁ።

የለገሃር ልጅ፦ ይሄ ምኑ ያከራክራል? በ1922 ዓ.ም የተመረቀው ጣቢያ እያለ! ከፊቱ ደግሞ ጣሊያን ሮም ድረስ ወስዶት የተመለሰው የይሁዳ አንበሳ አለ። ነገሩ ራሱ የተጀመረው ከምኒልክ ግቢ ነው፤ ለስዊሱ መሐንዲስ ኢልግ በ1886 ፈቃድ የሰጡት እሳቸው ናቸው። ተማሪውም ቱሪስቱም ያለው እዚህ ነው።

የከዚራዋ፦ አቦ ተወና! ባቡሩ ድሬ የገባው በ1895 ነው። የፈረንሳዩ ኩባንያ ከስሮ ሥራው ቆመ፤ እናንተ ጋ ሲደርስ 1909 ሆኗል። አዲስ አበባ ባቡር መጣላት፤ ድሬን ግን ባቡሩ ነው የወለዳት። ሐዲዱ ሐረር ተራራ ላይ መውጣት አቅቶት ሜዳው ላይ ባይቀር ሰፈሬ ከዚራም ባልኖረች። ለገሃሬ የሚባል ሰፈርም አለን፣ በስሙ አትኩራብን።

የለገሃር ልጅ፦ እሺ፣ የድሬ ጋራዥ ማሽኖቹን ጭኖ ለገሃር ማምጣትስ?

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ እኔ ድሬ ጋራዥ ውስጥ ነው ያረጀሁት። መለዋወጫ ሲጠፋ ብሎኑን ሳይቀር በቶርኖ፣ በብረት መቅረጫው ማሽን፣ እዚያው እናወጣ ነበር። ቶርኖውን ነቅለህ መስታወት ውስጥ ብታስቀምጠው ብረት ነው፤ ሲሽከረከር ያላየ ሰው ምን ይገባዋል? አንድ ነገር ልጨምር። የትም ይሠራ፣ የ1977ቱን የአዋሽ አደጋ ካልጻፈ እኔ ደጁን አልረግጥም። ከ400 በላይ ሰው ነው ያለቀው። የፈረንሳዮችን ፎቶ ብቻ ደርድሮ ሙዚየም የለም።

አስጎብኚው፦ ጋሼ እውነትዎን ነው። እኔ የምጨምረው፣ ባቡር የማይሄድበት የባቡር ሙዚየም ቱሪስት አንዴ አይቶት አይመለስም። አዲሱ መስመር ሰፊ ሐዲድ ስለሆነ የድሮዎቹ ባለ 1 ሜትሮቹ አይሄዱበትም። አንዷ ሊቶሪና፣ ያቺ የድሮዋ ባለ ሞተር የመንገደኛ ባቡር፣ ተጠግና በአሮጌው ሐዲድ ከድሬ ሽንሌ ደርሳ ብትመለስ ግን እኔ ራሴ ትኬት እሸጣለሁ።

የለገሃር ልጅ፦ ለጥገናው ማን ይከፍላል? እሱን ንገረኝ። ጋሼ፣ ስለ ማሽኑ ተረትቻለሁ፣ አይነቀል። ግን ካርታውና የሠራተኛ መዝገቡ ለተመራማሪ እንዲመች ለገሃር ይሁን።

የከዚራዋ፦ ኮፒውን ውሰዱ። አባቴ የፈረመበት ወረቀት ግን ድሬ ይቀራል።