የሀዋሳው ጌትዌይ ሬጅስተርድ ይላል ድምፅ ግን የለም!! እባካችሁ

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ በጣም አስቸኳይ ነው፣ ሀዋሳ ቅርንጫፍ ያለውን መደበኛ ስልክ ጌትዌይ (የስልክ መስመሩን ወደ ኢንተርኔት ጥሪ የሚቀይር ሳጥን) ላይ ሰክተን አዲስ አበባ ካለው ፍሪፒቢኤክስ (ጥሪ የሚያከፋፍል ሰርቨር) ጋር አገናኘነው፣ ሬጅስተርድ (ተመዝግቧል) ይላል፣ ደንበኛ ሲደውል እዚህ ይጠራል እናነሳለን ግን ጭጭ፣ በሁለቱም በኩል ምንም አይሰማም ከዛ ራሱ ይዘጋል። የሲፕን (ጥሪ የሚያገናኘውን ፕሮቶኮል) ፖርት 5060 ከፍቻለሁ። አለቃዬ አጠገቤ ቆሟል

ቡና በጨው፦ ሲምቦክስ (የውጭ ጥሪን በድብቅ እንደ አገር ውስጥ የሚያሳልፍ ሳጥን) እንዳይሆን ብቻ 😂 የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅ 761/2004ን አንብብ

ጠያቂ፦ ኧረ የቢሮ መስመር ነው በናትህ

የኬብል ልጅ፦ ራውተሩ ላይ ሲፕ ኤኤልጂ የሚለውን (ራውተሩ የሲፕ መልእክት ውስጥ እየገባ አድራሻ የሚቀይርበትን) አጥፋው

ጋሽ ሰርቨር፦ ልጄ መጀመሪያ ነገሩን ተረዳ። ሲፕ ሽማግሌ ነው፣ ሽማግሌው እሺ ተባለ ማለት ሙሽራዋ ቤት ገባች ማለት አይደለም። ድምፁ አርቲፒ በሚባል ሌላ ፕሮቶኮል ነው የሚሄደው፣ በሌላ ፖርት። ደግሞ 5060ን ለዓለም ሁሉ ከፍተህ አትተኛ፣ ሌቦች ሌሊቱን በሙሉ ፓስወርድ ሲሞክሩ ያድራሉ፣ አንዱ ከገባልህ ውጭ አገር እየደወለ ቢሉን ላንተ ነው። ከሀዋሳው አይፒ ብቻ እንዲቀበል አድርገው።

ሚሚ፦ ጌትዌይ ምን ያደርጋል ግን? ሶፍትፎን (ኮምፒውተር ወይ ሞባይል ላይ የሚጫን የስልክ አፕ) ጫኑላቸውና ተገላገሉ

ጠያቂ፦ ሚሚዬ ደንበኛው የሚያውቀው በ046 የሚጀምረውን የሀዋሳ ቁጥር ነው፣ ሶፍትፎን ያንን አያመጣልኝም። ኤኤልጂውን አጠፋሁት ያው ነው

የኬብል ልጅ፦ በሁለቱም ራውተር አጥፋው ነው ያልኩህ

ዝምታ፦ ስንት ሰከንድ ላይ ነው የሚዘጋው?

ጠያቂ፦ 30 ምናምን

ዝምታ፦ 32 ነው። ሰርቨርህ ስልኩ ተነስቷል ብሎ ለጌትዌዩ ይልካል፣ ግን አድራሻዬ ብሎ የሚሰጠው የውስጡን አይፒ ስለሆነ ማረጋገጫው ሀዋሳ ላይ ጠፍቶ ይቀራል፣ ድምፁም እንደዛው። ፍሪፒቢኤክስ ላይ አስተሪስክ ሲፕ ሴቲንግስ ገብተህ ኤክስተርናል አድራስ ላይ የውጪውን አይፒ፣ ሎካል ኔትወርክስ ላይ የአዲስ አበባውን የውስጥ ኔትወርክ ብቻ ሙላ፣ ከዛ የድምፁን ፖርቶች ዩዲፒ 10000–20000ን ራውተሩ ላይ ወደ ሰርቨሩ ፎርዋርድ አድርግና አስተሪስክን (ፍሪፒቢኤክስ ውስጥ ጥሪውን የሚሰራውን ፕሮግራም) ሪስታርት አድርገው። ሪስታርቱን እንዳትረሳ

ቡና በጨው፦ አለቃውንም ሪስታርት አድርገው 😂

ጋሽ ሰርቨር፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው፣ ሁለቱን ቢሮ በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚሰራ የግል መስመር) አገናኛቸው።

ጠያቂ፦ የሁለቱም ቢሮ የውስጥ አይፒ 192.168.1 ምናምን ነው ጋሼ ችግር አለው?

ዝምታ፦ አለው እንጂ፣ ይጋጫሉ። ለቪፒኤን ከሆነ የሀዋሳውን ወደ 192.168.20 ምናምን ቀይረው። ለዛሬ ግን ያልኩህን ብቻ አድርግ

የኬብል ልጅ፦ ኤኤልጂ 👆

ዝምታ፦ አንድ ነገር ልጨምር፣ ድምፁ ከመጣ በኋላ ደዋዩ ሲዘጋ መስመሩ ተይዞ ሊቀር ይችላል። ጌትዌዩ ላይ የመዘጋት ቶን ማወቂያውን አብራና ከመስመሩ ቶን ጋር አስተካክለው፣ አለበለዚያ ቀጣዩ ደንበኛ ቢዚ ነው የሚያገኘው

ሚሚ፦ ሰውዬው ጠፋ እኮ፣ ሰራ ወይስ ተባረረ?