ዋና አሰልጣኛችን ለቀቀ፤ እኔን ቅጥር ኮሚቴ ውስጥ ከተቱኝ። እጩዎቹን ምን ልጠይቅ?

ጠያቂ፦ የፋይናንስ ቢሮዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

አሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ ባለ አንድ ኮሌጅ የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። የወንዶች መረብ ኳስ ቡድናችን ዲቪዥን አንድ፣ ማለትም በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው እርከን ላይ ይጫወታል። ዋና አሰልጣኙ ባለፈው ሐሙስ ለቀቀ። ዘጠኝ ዓመት የቆየ ሰው ነው። ሌላ ትምህርት ቤት የሴቶች ቡድኑን እንዲይዝለት ወሰደው፤ ደሞዙ እጥፍ ነው ይባላል። አልፈርድበትም።

ጣጣው ግን እኔ ጋ መጣ። የስፖርት ዳይሬክተሩ አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴ አቋቋመና «ከስፖርት ክፍሉ ውጭ የሆነ ሰው ይግባ» ብሎ እኔን ጨመረኝ። ስለ መረብ ኳስ የማውቀው ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ስማር ኳሱ ክንዴን ሳምንት ሙሉ አቅልቶት እንደነበር ብቻ ነው።

ዳይሬክተሩ በሁለት ሳምንት ጨርሱ ይላል። ምክትሉ በጊዜያዊነት ቡድኑን ይዟል፣ እሱም አመልክቷል። ልጆቹ ይወዱታል። ሁለቱ የኮሚቴ አባላት «ምን ያደክመናል፣ ለእሱ እንስጠው» ይላሉ። አንዷ ደግሞ ከካሊፎርኒያ ትልቅ ስም ካልመጣ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። እኔ መሃል ቤት ቀርቻለሁ። የምታውቁ ካላችሁ፣ ምን ልጠይቅ? ምኑን ልይ?


የድሮ ሴተር

እህቴ፣ እንኳንም አንቺን አስገቡ። የገንዘቡን ነገር እዚያ ክፍል ውስጥ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ቆይ፣ እመለስበታለሁ።

ሀገር ቤት ለክለብ ተጫውቻለሁ። እዚህ ሜሪላንድ ደግሞ የታዳጊ ወንዶች ቡድን ሳሠለጥን አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ከእጄ ኮሌጅ የገቡ ልጆች ስላሉ አሰልጣኝ ሲለቅ የሚሆነውን ደጋግሜ አይቻለሁ። ምክሬ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ልጆቹን ያዙ።

ዲቪዥን አንድ መረብ ኳስ ላይ ዋና አሰልጣኝ ሲለቅ ለተጫዋቾቹ የ30 ቀን በር ይከፈታል። በዚያ ጊዜ ስማቸውን ትራንስፈር ፖርታል (ትምህርት ቤት መቀየር የሚፈልጉ ተጫዋቾች የሚመዘገቡበት ዝርዝር) ላይ ማስገባት ይችላሉ። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ትምህርቱ የተስተካከለ ልጅ ሌላ ቦታ ሄዶ ወዲያው ይጫወታል። ስንት ጊዜ ተዘዋወርክ ብሎ የሚይዘው የለም። ስለዚህ ቀኑን የሚቆርጥላችሁ ዳይሬክተሩ ሳይሆን ይሄ በር ነው። በሩ የሚዘጋበትን ቀን የስፖርቱን ደንብ የሚከታተለውን ኮምፕላያንስ ቢሮ ጠይቂና በጽሑፍ ተቀበዪ።

ሁለት ሳምንት ያጣድፋችኋል። ሁለት ወር ደግሞ ቤቱን ባዶ ያደርገዋል። እኔ ብሆን አዲሱ ሰው በ20ኛው ወይም በ22ኛው ቀን ከልጆቹ ጋር እንዲቀመጥ አስቤ ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። የቀረው ሳምንት ልጁ ከሰውየው ጋር አውርቶ፣ ቤተሰቡን አማክሮ የሚወስንበት ነው። ጨዋታው እንደሆነ ጃንዋሪ ላይ ነው የሚጀምረው። ኳሱ ይደርሳል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ድሮ ለአንድ የወንዶች ቡድን የተፈቀደው 4.5 ስኮላርሺፕ ነበር። አራት ተኩል! እንደ ድፎ ዳቦ ለሃያ ልጅ ትቆርሺዋለሽ። በ2025 በጸደቀው የሃውስ ስምምነት (ተጫዋቾች የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩን የከሰሱበት ጉዳይ የተቋጨበት) ውስጥ የገቡ ትምህርት ቤቶች ይሄ ጣሪያ ተነስቶላቸዋል፤ በምትኩ የቡድኑ ብዛት ከ18 እንዳያልፍ ተደርጓል። ያልገቡት በድሮው ላይ ናቸው። የእናንተ ትምህርት ቤት ገብቷል?

ከገባ ለሁሉም እጩ ይችን ስጫቸው፦ «18 ቦታ አለህ፣ ይህን ያህል ብር አለህ፣ ወረቀት እንካ፣ ደልድል።» ሦስት ሴተር (ኳስ አመቻች)፣ ሦስት ሊቤሮ (የኋላ መስመር ተከላካይ)፣ አምስት ሚድል (መሃል መረቡ ጋ የሚጫወት)፣ አምስት ከግራ የሚመታ፣ ሁለት ከቀኝ ብሎ የሚጽፍ ይኖራል። ሌላውም በሌላ መንገድ ይደለድላል። ለምን እንዲያ እንዳደረገ ያስረዳሽ። ሚድሉ ቁርጭምጭሚቱ ቢዞር ማን ይገባል በዪው። «ጥሩ ጥሩ ልጆች አመጣለሁ» ካለሽ አመስግነሽ ሸኚው።


የፋይናንስ ቢሮዋ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ገብተናል፣ 18 ነን። የብሩን ሠንጠረዥ እኔው ነኝ የማዘጋጀው፣ ሊያታልለኝ የሚችል የለም። 30 ቀኑን ግን ኮሚቴው ውስጥ አንድም ሰው አላነሳውም!


ሃያ አምስት ለሃያ ሦስት

ስም ካልመጣ የምትለዋን ሴትዮ ትንሽ ታሪክ ንገሪያት።

የሎስ አንጀለሱን ዩኒቨርሲቲ ዩሲኤልኤን አል ስኬትስ ከ1963 እስከ 2012 አሠልጥኖ 19 ብሔራዊ ዋንጫ አመጣለት። እሱን የተካው ጆን ስፐሮ ነው። ስም ካላችሁ ስም ማለት ይሄ ነው፤ ከሌላው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከዩሲ ኧርቫይን ጋር በ2007፣ በ2009 እና በ2012 ዋንጫ ወስዶ የመጣ፣ ራሱም ዩሲኤልኤ የተጫወተ። ያም ሆኖ እዚያ የመጀመሪያ ዋንጫውን ያነሳው በ2023 ነው። አሥራ አንደኛ የውድድር ዘመኑ ላይ! የእናንተ ዳይሬክተር ይሄን ያህል ይታገሳል?

እሱ ትቶት የሄደው ኧርቫይንስ? ቀድሞ እዚያው ምክትል የነበረውን ዴቪድ ኒፊንን አመጡ። በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ2013፣ ዋንጫውን ወሰደ። የተተወው ቤት ቀደመ ማለት ነው።

ስፐሮ በ2024 እንደገና ዋንጫ በልቶ የአሜሪካን መረብ ኳስ ፌዴሬሽን ሊመራ ሄደ። ዩሲኤልኤ ምክትሉን ጆን ሆክስን ተካ። በ2025 ፍጻሜ ደርሰው በሎንግ ቢች ስቴት 3 ለ 0 ተሸነፉ። ተሸነፉ አትበዪ፣ አሰልጣኝ በለወጡበት ዓመት ፍጻሜ ላይ ነበሩ።

ሌላ መንገድም አለ። የዩታው ዩኒቨርሲቲ ቢዋይዩ በ2015 ለወንዶቹ የራሱን የሴቶች ቡድን አሰልጣኝ ሾን ኦልምስቴድን አዞረ። 2016 እና 2017 ሁለቱንም ዓመት ፍጻሜ ገባ። ሁለቱንም ኦሃዮ ስቴት ቀማው እንጂ። ስለዚህ የሴቶች ቡድን ምክትሎችንም ፈልጉ። የወንዶች ሥራ ጥቂት ስለሆነ ጥሩ ጥሩ ሰዎች እዚያ ተቀምጠዋል።


ሊቤሮው

እኔ አሁን የምጫወት ነኝ፣ ሦስተኛ ዓመት። «ልጆቹ ይወዱታል» ያልሽውን አንብቤ ሳቅኩ። ምክትሉን ሁሉም ቡድን ይወደዋል። ቤንች ላይ የሚያስቀምጠን ዋናው ነዋ! ምክትሉ ትከሻችንን መትቶ «አይዞህ፣ ተራህ ይደርሳል» የሚለን ነው። ነገ ዋና ሲሆን ያው ሰው አይደለም። ጠይቂው፦ ለማን ምን ዓይነት መጥፎ ዜና ነግረህ ታውቃለህ?


የቁጥር 11 እናት

እኔ ስለ ኳሱ አልናገርም። ያለፍኩበትን ልንገርሽ።

ልጄ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ አሰልጣኙ ለቀቀ። የሰማው ከስልክ ነው፤ አንድ የሌላ ቡድን ልጅ «ሶሪ ብሮ» ብሎ ጽፎለት። ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤቱ አንድ ሰው አልደወለም። እኔ ደወልኩ፣ «ሂደት ላይ ነን» አሉኝ። ሂደት! ልጄ ሌሊት ሌሊት ስልኩን ሲያይ እያየሁ ዝም አልኩ። በመጨረሻ ሄደ። እስከዛሬ ድረስ ግን ያን ትምህርት ቤት ነው የሚወደው። አንድ ስልክ ቢደወልለት ኖሮ አይሄድም ነበር።

ዛሬውኑ አንድ ሰው ይደውል። ለ18ቱም፣ በመስከረም ለሚገቡት አዲሶችም። ለእናት ለአባቱም ቢሆን አይከፋም። ምንም አዲስ ነገር ባይኖር «በዚህ ቀን እንነግራችኋለን» ማለት ይበቃል።

አንቺ ደግሞ ማንም የማይችለውን ማድረግ ትችያለሽ። ልጆቹ አሰልጣኙ ሲሄድ ስኮላርሺፑም አብሮ የሚሄድ ይመስላቸዋል። ልጄም መስሎት ነበር። የተፈረመው ከትምህርት ቤቱ ጋር እንጂ ከሰውየው ጋር እንዳልሆነ ንገሪያቸው። ከውጭ ሀገር የመጡ ልጆች ካሉ ከውጭ ተማሪዎች ቢሮው ጋር አገናኚያቸው። የልጄ የክፍል ጓደኛ ከውጭ የመጣ ነበር፤ የቪዛው ወረቀት ሳይዛወር ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ሊሄድ ተነስቶ ለትንሽ ተረፈ።


ኤችአር ነኝ፣ ከዳላስ

ከላይ የተባለው ሁሉ ደህና ነው። እኔ የሰው ኃይል ቅጥር ላይ ስለምሠራ ከጣጣ የሚያወጣሽን ልጨምር።

የእኛ ሰው ነሽና አፍሽን ጠብቂ። «ባለቤትህ ሥራ አላት? ስንት ልጆች አሏችሁ? የየት ሀገር ሰው ነህ?» የለም። እኛ ጋ ሰላምታ ነው፣ እዚህ ግን ሰውየው ሥራውን ካጣ በኋላ በዚያ ምክንያት ነው ብሎ ይመጣል። ሻይ ላይም ቢሆን አትጠይቂ። በዋናነት መኪና ማቆሚያው ጋ ስትሸኚው ነው ሰው የሚሳሳተው።

ጥያቄዎቹን ከመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ በፊት ጻፏቸው። ለሁሉም እኩል ጠይቁ፣ ለምክትሉም ጭምር። «እሱን እናውቀዋለን» ብላችሁ በሃያ ደቂቃ እንዳትለቁት። እንዲያ ከሆነ ቢያልፍም ቢወድቅም ለእሱ ጥሩ አይደለም። ነጥባችሁን ሳትነጋገሩ ለየብቻ ስጡ፤ ከዚያ ተከራከሩ። አለበለዚያ ቀድሞ የተናገረው ሰው ኮሚቴውን ይነዳዋል።

ተጫዋቾችን አስገቡ፤ ሦስት ወይም አራት። አምበሉን ብቻ አይደለም፣ ብዙ የማይሰለፍም አንድ ልጅ ይኑር። ግን ድምፅ አትስጧቸው። የታዘቡትን ይንገሯችሁ፣ ውሳኔው የእናንተ ይሁን።

ምክትሉን ካልመረጣችሁት ደግሞ ዜናው ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ፊት ለፊት ይንገረው። ይሄን የሚረሱት ብዙ ናቸው። ያ ሰው ነገም ቡድኑ ውስጥ ሊቆይ ይችላል።


የድሮ ሴተር

ኤችአር ያለው ልክ ነው። አንድ ብቻ ልጨምር። እጩው ስማቸውን ከሰጣችሁ ሰዎች ውጭም ደውሉ። የቡድኑ ወጌሻ ምን ይላል? የአውቶብሱን ጉዞ የሚያዘጋጀው ልጅስ? ማን ጉልበቱን ሳይድን እንዳሰለፈ የሚያውቀው ወጌሻው ነው።


ኤችአር ነኝ፣ ከዳላስ

መጀመሪያ እጩውን አስፈቅዱ ጋሼ! አሁን ያለበት መሥሪያ ቤት ማመልከቱን ላያውቅ ይችላል። ከዝርዝሩ ውጭ መደወል የሚቻለው እሱ እሺ ሲል ነው። ብዙዎቹ የመጨረሻዎቹ ሁለት ውስጥ ሲገቡ እሺ ይላሉ።


የድሮ ሴተር

እሺ፣ ተቀብያለሁ። እኛ ዘመን እንዲህ አልነበረም፣ ዝም ብለን ነበር የምንደውለው።


የፋይናንስ ቢሮዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ከለቀቀ 23ኛ ቀኑ ነው፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

30 ቀኑን ለዳይሬክተሩ ሳነሳለት ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ማታውኑ ስልክ ጀመረ። ለአዲሶቹ ተማሪዎች የስኮላርሺፑን ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለት እናቶች መልሰው ደወሉ፤ አንዷ አለቀሰች። የቁጥር 11 እናት፣ አንቺን አሰብኩሽ።

ሦስት ሰው ጠየቅን። ከካሊፎርኒያ የመጣው ስም ያለው ሰውዬ የ18ቱን ወረቀት ስንሰጠው «ይሄን ከምክትሎቼ ጋር እሠራዋለሁ» ብሎ ባዶውን መለሰው። ሴትዮዋ ራሷ ናት ወረቀቱን አይታ ቅንድቧን ያነሳችው። ከሴቶች ቡድን የመጣው ጥሩ ነበር፣ በጣም ጥሩ። አራቱ ልጆችም ወደውታል።

ምክትሉን የሊቤሮውን ጥያቄ ጠየቅኩት። ብዙ አሰበ። ከዚያ ባለፈው ዓመት ለአንድ አራተኛ ዓመት ልጅ ከእንግዲህ እንደማይሰለፍ የነገረው ዋናው ሳይሆን እሱ እንደነበር ነገረን። ልጁ ለሦስት ሳምንት አላናገረውም። አሁን ያ ልጅ ተመርቆ ልምምድ ላይ ኳስ ሊሰበስብለት ይመጣል። ወረቀቱንም ሞልቶ መለሰ፤ ሁለት ቦታ ባዶ ትቶ «እነዚህን ለዲሴምበር አቆያለሁ» አለ። ብሩም ልክ መጣ፣ እኔው ደመርኩት።

በሦስት ለሁለት እሱ ተመረጠ። ትናንት ከልጆቹ ጋር ተቀመጠ። ሁለት ልጆች ፖርታል ገብተው ነበር፤ አንዱ ስሙን አወጣ፣ አንዱ ገና እያሰበ ነው። ከሴቶች ቡድን ለመጣው ሰው የደወልኩት እኔ ነኝ። አመስግኖ፣ ምክትል ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። ቁጥሩን ለአዲሱ አሰልጣኝ ሰጥቻለሁ።

አሁን ጃንዋሪ ላይ ለመጀመሪያው ጨዋታ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠውኛል። እባካችሁ አንድ ሰው ያስረዳኝ፣ ሊቤሮው ለምንድነው የተለየ ማሊያ የሚለብሰው?


ሊቤሮው

ከኋላ መስመር ቅያሪ ሳይቆጠርብን ስለምንገባና ስለምንወጣ ነው፤ ዳኛው በቀላሉ እንዲለየን። ክንድሽ አሁንም ይቀላል?