የፊልም ሥዕል ያለበት የብር ቁራጭ፦ በክብደቱ ልሽጠው ወይስ ላቆየው?

ጠያቂ፣ ከሰበታ
የእህቴ ልጅ ከውጭ ሲመለስ አንድ አውንስ የሚመዝን፣ በአንድ ፊቱ የታዋቂ ተከታታይ ፊልም የጠፈር መርከብ የተቀረጸበት፣ በሌላው «999» (ከሺህ 999 እጁ ንጹሕ ብር ነው ለማለት) የሚል ምልክት ያለበት ዝርግ የብር ቁራጭ አመጣልኝ። ልጆች የፕላስቲክ ማቀፊያውን ስለከፈቱት ጠርዙ መጥቆር ጀምሯል። ቅዳሜ ዕለት ለአንድ ጌጥ ሠሪ ባሳየው ከብሩ ክብደት ዋጋ በላይ እንደማይከፍል ነገረኝ፤ እውነተኛነቱን ለማወቅም ጠርዙን በሞረድ ፍቆ አሲድ ሊያንጠባጥብበት ሲል ከእጁ ተቀብዬ ተመለስኩ። ሳይፋቅ ማረጋገጥ ይቻላል? የእህቴ ልጅ አብልጦ የከፈለው ገንዘብስ የት ገባ?

አንጥረኛ፣ ከቡራዩ
ከሞረድ ማትረፍዎ ደግ አደረጉ። የብርና የወርቅ አውንስ 31.1 ግራም ነው እንጂ እንደ ተራው አውንስ 28.35 አይደለምና በመጀመሪያ ክብደቱን ይመልከቱ። ማግኔት ብርን አይስብም፤ መዳብንም ስለማይስብ ግን በእርሱ ብቻ አይተማመኑ። ይልቅስ የግራም መቶኛ የሚያነብ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጠው ሚዛኑን ወደ ዜሮ ይመልሱ፤ ከዚያም ቁራጩን በቀጭን ክር አንጠልጥለው የብርጭቆውን ጎንም ሆነ ወለል ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ያጥልቁት። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁራጩ የገፋውን ውኃ ክብደት ነው፤ ብር በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 10.49 ግራም ስለሚመዝን 31.1 ግራሙ ሲጠልቅ 2.96 ግራም ገደማ ማሳየት አለበት፤ በብር የተለበጠ መዳብ ከሆነ ወደ 3.5 ይጠጋል። ጥቁረቱ በአየር ያለ ድኝ ከብሩ ጋር ሲዋሃድ የሚመጣ ስለሆነ አያስደንግጥዎ፤ በአመድም ሆነ በጥርስ ሳሙና እንዳይፈትጉት ግን አደራ፣ የሥዕሉን ስስ መስመሮች ይበላዋል።

ጌጥ ሠሪውንም አልወቅሰውም። ለእኛ ብር ቀልጦ መስቀል ወይም ድሪ የሚሆን ነገር ነው፤ አባቶቻችንም ጠገራ ብሩን፣ ማለትም ማርትሬዛን፣ የሚያቀልጡት ከ28 ግራሙ ውስጥ 23.4 ገደማ ንጹሕ ብር ስለሚያገኙበት ነበር።

ሳንቲም ሰብሳቢ፣ ከለገጣፎ
ትርፉ ገንዘብ የገባው በቅርጹ ሥራ፣ ለፊልሙ ባለመብት በሚከፈለው የፈቃድ ክፍያና በኅትመቱ ውስንነት ነው። ይህን ዋጋ የሚመልስልዎ ፊልሙን የሚወድ ሰብሳቢ እንጂ ብር አቅላጭ አይደለም። በነገራችን ላይ ሳንቲምና ቁራጭ ይለያያሉ፤ የኒውዚላንድ ሚንት የተባለው ሳንቲም አምራች ድርጅት ስታር ዋርስ የተባለው ፊልም ሥዕል ያለባቸውን ሳንቲሞች የሚያወጣው በትንሿ የፓስፊክ ደሴት በኒዌ ስም ሲሆን አንድ አውንስ በሚመዝነው ላይ 2 ዶላር ተጽፎበታል፤ የብሩ ዋጋ ብቻውን ከዚያ ስለሚበልጥ ግን ማንም በ2 ዶላር አይሰጠውም። የእርስዎ ላይ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈ ሳንቲም ላይሆን ይችላል። ካልቸገረዎት አይሽጡት፤ ማቀፊያውንና የምስክር ወረቀቱን ፈልገው አብረው ያኑሩ፤ ያለ እነርሱ ሰብሳቢም ቢሆን ዋጋ ይቀንሳል።

ጠያቂ፣ ከሰበታ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሚዛን ተውሼ ሦስት ጊዜ ለካሁት፤ ሁለቴ 2.97፣ አንዴ 2.96 አሳየ። ማቀፊያውን ከልጆቹ መጫወቻ መካከል አገኘሁት፤ ወረቀቱን የእህቴ ልጅ ሻንጣው ውስጥ እየፈለገልኝ ነው። ጠርዙን እንደጠቆረ ትቼ ቁራጩን ቁም ሣጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ።