ለጀማሪ ተማሪዎች የቴኒስ መርጃ መሣሪያ ከምን ልሥራ?

የስፖርት መምህር፣ ደብረ ብርሃን
ሰላም ለሁላችሁ። ከ5ኛ እስከ 7ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን የሜዳ ቴኒስ ማስተማር ጀምሬያለሁ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ከ40 በላይ ልጅ ይመጣል፣ ያለኝ ራኬት 6 ብቻ ነው። ሜዳችን የሲሚንቶ ቅርጫት ኳስ ሜዳ ነው። የባሰብኝ ግን ኳሱ ነው፤ አዲስ ስንከፍት ነጥሮ ከልጆቹ ጭንቅላት በላይ ያልፋል፣ ሁለቴ እንኳ መመላለስ አቅቷቸዋል። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ዘዴ ያላችሁ እባካችሁ አካፍሉኝ።

የጠባሴ ልጅ
መምህር፣ ልጆቹ ላይ አይፍረዱ፣ ከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱን ይዞ አያዘገይልዎትም፣ የውጭው ግፊት ዝቅ ስለሚል ደግሞ ኳሱ ይበልጥ ይነጥራል። የዓለም ቴኒስ ፌዴሬሽን ራሱ ከ1,219 ሜትር በላይ ለሚጫወቱ የተለየ ኳስ ፈቅዷል። ለሕፃናት የሚሠራው ቀዩ ኳስ ከመደበኛው 75 በመቶ ያህል ይዘገያል፣ ብርቱካናማው 50፣ አረንጓዴው 25። እነሱን ካጡ ያረጀና ትንፋሹ የወጣ ኳስ ከየክለቡ ለምነው ይሰብስቡ። አዲሱንም በቀጭን መርፌ ቢወጉት ኃይሉ ይቀንሳል።

አሠልጣኝ፣ አዲስ አበባ
ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ወንድሜ፣ ሜዳውን አሳጥረው። ሙሉው 23.77 ሜትር ነው፤ ለጀማሪ 11 በ5.5 ይበቃል። የቅርጫት ኳሱን ሜዳ በወርዱ ከተጠቀምክበት 4 ትንንሽ ሜዳ ይወጣዋል። መስመሩን በጠመኔ አስምር፣ ለመረብ ገመድ በ80 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ወጥር። ራኬት ለጎደለው ደግሞ አናጺ ቀጭን ጣውላ በእጅ መዳፍ ቅርጽ አሳጥሮ ይቁረጥላችሁ፣ ጠርዙን በደንብ አስሞርደው እንጂ እጃቸውን ይቆርጣቸዋል።

ከሸዋ ሮቢት
እኔን የሚያሰጋኝ መሣሪያ ማብዛቱ ነው። መሬት ላይ ጎማና ጠርሙስ ደርድረን "ይህን ምቱ" ስንል ልጁ ኢላማውን ብቻ ያያል፣ ፊት ለፊቱ የቆመውን ተጫዋች ይረሳዋል። ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ ተጠቀምበትና አንሳው። ከሁሉም የሚጠቅመው ከመረቡ በላይ ሁለተኛ ገመድ መወጠር ነው፤ ኳሱ በሁለቱ መሃል እንዲያልፍ ሲባሉ ከታች ወደ ላይ መምታቱን ሳትነግራቸው ያገኙታል። ለሰርቭ (ጨዋታውን ለሚያስጀምረው ምት) ኳስ ካልሲ ውስጥ ከተህ ቋጥረውና በመረቡ ላይ ያስወንጭፉት። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ እንቅስቃሴው ቶሎ ይገባዋል፣ ክንዱ ይቀድማል፣ ጫፉ ኋላ ይከተላል።

የስፖርት መምህር፣ ደብረ ብርሃን
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ነገ ካልሲውን እጀምራለሁ። ወደ ጠንካራው ኳስ መቼ ላሻግራቸው?

አሠልጣኝ፣ አዲስ አበባ
እኔ የምለካው በመመላለስ ነው። ሁለቱ ልጆች ሳይቋረጥ 10 ጊዜ ከተመላለሱ ከቀዩ ወደ ብርቱካናማው አሻግራቸው። እድሜያቸውን አትይ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱም ኳስ ቢኖር ምንም አይደለም። ከሰዓት ነፋሱ ከበረታ ሰርቩን ጠዋት ላይ አድርገው።