ክርክር፦ ቦዩ አዳነን ወይስ አሰጠመን?

የታች ሰፈር ሰው፦
እስቲ ተከራከሩኝ። ጎርፍ ቤታችን የሚገባው ቦይ ስለሌለን አይደለም። ቦይ ስላለን ነው። ላይኛው ሰፈር የኮንክሪት ቦይ ከተሠራለት ወዲህ ውሃው ሣር ላይ ተኝቶ ቀስ እያለ ወደ አፈር አይሰርግም። ከአሸንዳ ወደ ቦይ፣ ከቦይ ወደ ቱቦ፣ ከቱቦ ወደ እኛ። ድሮ ሲንፏቀቅ የሚመጣው ውሃ አሁን ዝናቡ ሳያባራ ከች ይላል። ደጃችን ያለው የማንሆል ክዳን መጀመሪያ ይንቋቋል። ቀጥሎ እንደ ድስት ክዳን ይነሳና ውሃው ከሥር ይፈልቃል። ልብ በሉ፣ ከሰማይ ሳይሆን ከቱቦው ነው የሚመጣብን። የኔ አቋም፦ ላይኛው ሰፈር ውሃውን እዚያው ያቆይ።

አካፋ ያዥ፦
ወንድሜ አታካብድ። ቦዩን ከፍተህ አይተኸዋል? እኛ አንዱን ፍርግርግ አንስተን ያወጣነውን ልንገርህ፦ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ ከሥሩ ደግሞ እስከ ጉልበት የሚደርስ ደለል። ደለሉ ከየት መጣ? መንገድ ዳር ከተከመረው የግንባታ አሸዋ። ታዲያ ቦዩ ምን በወጣው ይሰደባል? መጀመሪያ እንጥረግ።

መሐንዲሷ፦
አካፋ ያዥ የተናገረው ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ክብ ቱቦ ግማሹ በደለል ሲሞላ ግማሽ ውሃ የሚያሳልፍ ይመስለናል። አያሳልፍም። ውሃው በደለሉ ላይ እየተፋተገ ስለሚሄድ የሚያልፈው ከሲሶ ብዙም አይበልጥም።

ግን ንጹሕ ቱቦም ልክ አለው። የሰፈር ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ለ2፣ ለ5 ወይም ለ10 ዓመት ዝናብ ታስቦ ነው። ይህች «የ10 ዓመት ዝናብ» የምትባል ነገር ስንቱን አሳስታለች! በ10 ዓመት አንዴ ይመጣል ማለት አይደለም። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 10 በመቶ ነው ማለት ነው። ዘንድሮ መጥቶ ለከርሞ ሊደግመን ይችላል። በ10 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 65 በመቶ ያህል ነው።

ደግሞ ያ ስሌት ሲሠራ ግቢው ሣር ከነበረ፣ ዛሬ ጣሪያና ንጣፍ ከሆነ ስሌቱ ፈረሰ። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 40 ሚሊሜትር ሲዘንብ 8,000 ሊትር ነው። ከአንድ ቤት!

ላይኛው ሰፈር፦
እኛንም ጭራቅ አታድርጉን እንጂ። ቦዩ ሳይሠራ በፊት ውሃው የቤታችንን መሠረት ይቦረቡር ነበር። አዋጥተን ነው ያሠራነው። ውሃ ቁልቁል መውረዱ የኛ ጥፋት ሆነ? የታችኛው ቱቦ ይስፋ፣ በቃ። የቱቦው ዲያሜትር እጥፍ ሲሆን የሚያሳልፈው ውሃ ከስድስት እጥፍ ይበልጣል። ይህን መሐንዲሷም አትክድም።

መሐንዲሷ፦
አልክድም፣ ተዳፋቱ እስካልተቀየረ ድረስ ልክ ነህ። ግን ቱቦው የሚያበቃው የት ነው? ወንዙ ሞልቶ ከቱቦው አፍ በላይ ከሆነ ውሃው መውጫ ያጣል። ወደ ኋላ ይመለሳል። ያ የሚነሳው የማንሆል ክዳን ምናልባት የዚህ ውጤት ነው። ያኔ ቱቦውን ብታሰፋው ለወንዙ ሰፊ በር ከፈትክለት ማለት ነው። አፉ ላይ ወደ ውጭ ብቻ የሚከፈት ክዳን ካልተገጠመ በቀር። ክዳኑም ቢሆን ሲዘጋ የሰፈሩን ውሃ እዚያው ያስቀረዋል።

የታች ሰፈር ሰው፦
ይኸው! እኔስ ምን አልኩ? ኩሬ፣ የጠጠር ጉድጓድ፣ ሲሚንቶ ያልለበሰ ግቢ። ውሃው እዚያው ላይኛው ሰፈር ይቆይልን።

ተጠራጣሪው፦
እሱም ቢሆን ልክ አለው። የቻይናዋ ዜንግዡ ውሃን እንደ ስፖንጅ የሚመጥ ከተማ ለመሆን ብዙ ገንዘብ አፍስሳለች። እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 2021 በአንድ ሰዓት ብቻ 201.9 ሚሊሜትር ዘነበባት። ይህን ያህል ውሃ ሣሩም ኩሬውም አይችለውም። እንዲህ ላለው ቀን ውሃው ቤት ሳይነካ የሚያልፍበት መንገድ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። የዴንማርኳ ኮፐንሃገን እ.ኤ.አ. በ2011 ከመታት ዶፍ በኋላ የተያያዘችው ይህንን ነው። አንዳንድ መንገዶች ለጥቂት ሰዓት ወንዝ እንዲሆኑ፣ መናፈሻዎች ውሃ እንዲይዙ ነው የታቀደው።

አካፋ ያዥ፦
እናንተ ኮፐንሃገን ደረሳችሁ፣ እኔ ገና ፍርግርጉን አልጨረስኩም።

ላይኛው ሰፈር፦
እሺ፣ ታንከር ልትከል። 2,000 ሊትር። ደስ አላችሁ?

መሐንዲሷ፦
ዝናቡ ሲመጣ ባዶ ከሆነ ይጠቅማል። የትናንቱ ዝናብ ከሞላው ግን ዛሬ ለጌጥ ነው የቆመው። ከሥሩ ቀስ እያለ የሚያፈስ ትንሽ ቀዳዳ ይኑረው፤ አንድ ቀን ሙሉ ይፍሰስ፣ ግድ የለም።

አካፋ ያዥ፦
ያቺ ቀዳዳስ በቅጠል ስትደፈን ማን ሊጠርጋት ነው?