ለትንሽ ድርጅት ዌብሳይት ምን ያህል ይከፈላል? ሦስት ዋጋ መጥቶልኝ ግራ ገብቶኛል

ወንበር_አዳሽ
ሰላም ለሁላችሁ። ያረጀ ሶፋና የቢሮ ወንበር የምናድስ ትንሽ ድርጅት አለን። እስካሁን ደንበኛ የሚመጣልን በሰው በሰው ነበር። አሁን ግን «ሥራችሁን የማይበት ሊንክ ላኩልኝ» የሚለው ሰው በዛና ዌብሳይት እናሠራ ተባባልን። ሦስት ቦታ ዋጋ ጠየቅኩ። ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው አንድ መስመር ላከልኝ። «ዘመናዊ ዌብሳይት፣ ሙሉ ፓኬጅ፣ በ5 ቀን»፣ ከሥሩ ድምሩ። በቃ። ሁለተኛው የላከው ሰባት ገጽ ፒዲኤፍ ሲሆን ዋጋው የመጀመሪያው አሥር እጥፍ ነው። ሦስተኛው ደግሞ «ለሥራው ምንም አትከፍሉም፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ብቻ» አለኝ። ያቺን «ትንሽ» የሦስት ዓመት አድርጌ ሳሰላት ከሁለተኛው ዋጋ ብዙም አትርቅም።

የምንፈልገው ከባድ ነገር አይደለም። የሠራናቸውን ዕቃዎች ፎቶ፣ ምን እንደምንሠራ፣ ስልክ፣ ሰው ፎቶ አያይዞ ዋጋ የሚጠይቅበት ፎርም። ኧረ የትኛው ነው ትክክለኛው ዋጋ? አንዱ እየዘረፈኝ ነው ወይስ ሌላው እያታለለኝ?

ፒክሰል
ወንድሜ፣ ሦስቱም ዋጋ ልክ ሊሆን ይችላል። የሚሸጡልህ ሦስት የተለያየ ነገር ነዋ።

እኔ የምኖረው በዚህ ሥራ ስለሆነ ለሙያህ ታደላለህ ብትለኝ አልቆጣም። ባለ5 ቀኑ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቴምፕሌት (ቀድሞ የተዘጋጀ የዌብሳይት ንድፍ) ወስዶ ሎጎህን ያስገባበታል፣ ቀለሙን ይቀይራል፣ የላክህለትን ጽሑፍ ይለጥፋል፣ ያስረክባል። ነውር የለውም። ፎቶህና ጽሑፍህ ተሰናድቶ ከተቀመጠ ይኸው ሊበቃህ ይችላል። ባለ ሰባት ገጹ ግን (ፒዲኤፉን ሳላየው ነው የማወራው) ደንበኛህ ማን እንደሆነ ሊጠይቅህ፣ ገጾቹን ከመሥራቱ በፊት ነድፎ ሊያሳይህ፣ በተለያየ ስልክ ላይ ሊሞክረው ያሰበ ይመስላል። ያ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፣ የምትከፍለውም ለጊዜው ነው። ሦስተኛው ኪራይ ነው።

ደግሞ ዋጋውን የሚያንረው የገጽ ብዛት አይደለም። በአምስት ገጽና በስምንት ገጽ መካከል ያን ያህል ልዩነት የለም። የሚያንረው ክፍያ መቀበል፣ ቀጠሮ ማስያዝ፣ በየጊዜው የሚቀያየር የዕቃ ዝርዝርና ሁለት ቋንቋ ነው። ሁለት ቋንቋ ሲባል ሰው መተርጎም ብቻ ይመስለዋል፤ ግን እያንዳንዱ ገጽ፣ እያንዳንዱ ቁልፍ፣ ፎርሙ ሲላክ የሚመጣው «ደርሶናል» የሚለው መልእክት ሳይቀር እጥፍ ይሆናል፣ ከዚያም አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይረሳል።

ስለዚህ ለሦስቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ላክ። ምን ምን ተካቷል? ምን አልተካተተም? ስንት ጊዜ እርማት መጠየቅ እችላለሁ? ካስረከባችሁኝ በኋላ ብልሽት ቢገኝ እስከ መቼ በነጻ ታስተካክላላችሁ? መልሳቸውን ጎን ለጎን ስታስቀምጠው አሥር እጥፍ ያልከው ልዩነት ከየት እንደመጣ ይታይሃል፣ ወይም አንደኛው ሊያስረዳህ ያልቻለው ሂሳብ ፈጦ ይወጣል።

መጋዘን
ከዋጋው በፊት አንድ ነገር ጠይቅ። ዶሜይኑ፣ ማለትም የዌብሳይቱ አድራሻ፣ በማን ስም ነው የሚመዘገበው?

የእኛን ዌብሳይት የሠራልን ልጅ ዶሜይኑን በራሱ አካውንት፣ በራሱ ኢሜይል መዘገበው። ሥራው ቆንጆ ነበር፣ አልዋሽም። ኋላ ግን ሌላ ሥራ ያዘና ስልክ ማንሣት ተወ። «የእድሳት ጊዜ ደርሷል» የሚለው መልእክት የሚሄደው ለእሱ ነው፣ እኛ ምን እናውቃለን። አንድ ቀን ጠዋት ዌብሳይቱ የለም። የድርጅቱ ኢሜይልም አብሮ ቆመ፣ በዚያው ዶሜይን ላይ ነበራ! የደንበኛ ትእዛዝ እየተመለሰ እኛ «ዛሬ ገበያው ቀዘቀዘ» እንላለን።

ዶሜይን አንዴ ከፍለኸው የሚቀር ነገር አይደለም። እንደ ዶት ኮም ያሉት በአንድ ጊዜ ቢበዛ ለ10 ዓመት ነው የሚያዙት። ጊዜው አልፎ ከተሰረዘ በኋላ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለ፣ እሱም ቅጣት የሚመስል ተጨማሪ ክፍያ አለበት። ያ ካለፈ ከጥቂት ቀን በኋላ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል። እና ማስመለስ የሚችለው በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው፤ «ድርጅቱ የኔ ነው» ብትል የሚሰማህ የለም። እኛ በስንት ልመና፣ በዘመዱ በኩል አግኝተነው ነው የታደሰው።

ራስህ መዝግበው። የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። አካውንቱን በማትተወው ኢሜይል ክፈት፣ ለሠሪው የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ መግቢያ ስጠው።

ኬብል
መጋዘን እውነቱን ነው። ዶሜይናችሁ ሌላ መዝጋቢ (ዶሜይን የሚመዘግብ ድርጅት) ጋ ያለ ደግሞ የማዛወሪያ ኮድ ጠይቁ። እንደ ዶት ኮም ባሉት ላይ በአይካን (የዶሜይን ስሞችን አሠራር የሚያስተባብረው ዓለም አቀፍ ድርጅት) ደንብ መሠረት መዝጋቢው ድርጅት ኮዱን ባለቤቱ በጠየቀ በ5 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት። አዲስ የተመዘገበ ከሆነ ግን በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ሊዛወር ላይችል ይችላል።

ወደ ሂሳቡ ስንመጣ፣ ሰው የሚረሳው ከተሠራ በኋላ ያለውን ነው። ሆስቲንግ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት ሰርቨር ኪራይ) የመጀመሪያው ዓመት በቅናሽ ይሰጥሃል፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ ዋጋው ይዘላል፤ ስለዚህ የእድሳቱን ዋጋ እይ። ዎርድፕረስ የሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ ሶፍትዌር ከወጣበት ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነጻ ነው፣ አብረውት የሚጫኑት ፕለጊኖች (ተጨማሪ አገልግሎት የሚሰጡ ቅጥያዎች) እና ቴምፕሌቶች ግን አንዳንዶቹ በየዓመቱ ይከፈልባቸዋል። ፈቃዱ በሠሪው ስም ከሆነና እሱ መክፈል ካቆመ ያንተ ዌብሳይት ማሻሻያ ሳያገኝ ይቀራል፣ ማሻሻያ ያላገኘ ፕለጊን ደግሞ ለሰርጎ ገቦች የተከፈተ በር ነው። ኤስኤስኤል (በዌብሳይቱና በጎብኚው መካከል የሚያልፈውን መረጃ የሚያመሰጥረው ሰርተፍኬት) ላይ ግን አትሸወድ። ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል ድርጅት ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፣ ብዙ ሆስቲንግ አቅራቢዎችም በራሱ እንዲታደስ አድርገው ያስገቡልሃል። ለእሱ ለብቻው ወፍራም ሂሳብ ያስቀመጠ ካለ ለምን እንደሆነ ያስረዳህ።

ስለ ሦስተኛው፣ ኪራይ በራሱ መጥፎ አይደለም። ጥያቄው ስትወጣ ምን ይዘህ ትወጣለህ ነው። ለምሳሌ ዊክስ በሚባለው የዌብሳይት መሥሪያ አገልግሎት ላይ የተሠራ ዌብሳይት በዊክስ ሰርቨር ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ነቅለህ ሌላ ቦታ አትተክለውም፣ ከዜሮ ነው የምትጀምረው። ይህን አውቀህ ከገባህበት ችግር የለም።

ወንበር_አዳሽ
መጀመሪያ ነገር ወንድማችሁ ሳልሆን እህታችሁ ነኝ :) በጣም አመሰግናለሁ፣ ዶሜይኑን ዛሬውኑ በራሴ ስም አስመዝግቤዋለሁ።

ሁለት ነገር ልጨምር። ባለ ሰባት ገጹ ውስጥ አምስተኛው ገጽ ላይ በትንንሽ ፊደል «ጽሑፍና ፎቶ በደንበኛው ይቀርባል» ይላል። በዚያ ዋጋ እኔ ነኝ የምጽፈው ማለት ነው? ባለ5 ቀኑ ደግሞ ስደውልለት «ጉግል ላይ አንደኛ አወጣችኋለሁ» አለኝ፣ እሱም በዋጋው ውስጥ ነው አለ።

ዝምተኛዋ
እኔ እንኳን ስምንት ገጽም አምስት ገጽም ያለው ዌብሳይት አያስፈልግሽም ባይ ነኝ። ደንበኛሽ የሚፈልገው ፎቶ አይቶ መደወል ነው። አንድ ረጅም ገጽ ከላይ እስከ ታች፣ ስልኩ ሲነካ የሚደውል፣ አለቀ። ከዚያ በፊት ደግሞ የጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይልሽን (ድርጅትሽ ጉግል ፍለጋና ካርታ ላይ የሚታይበትን ገጽ) ክፈቺ፣ ነጻ ነው። ፎቶ፣ የሥራ ሰዓት፣ ስልክ፣ የደንበኛ አስተያየት ሁሉም እዚያው ይገባል። ብዙ ሰው ገና ይህን ሳያደርግ ነው ዲዛይነር ፍለጋ የሚሮጠው።

ፒክሰል
እህቴ ይቅርታ፣ ወንበር አዳሽ ሲባል ወንድ መስሎኝ ነው።

ዝምተኛዋ ባለችው በግማሹ እስማማለሁ። ፕሮፋይሉን ዛሬ ክፈቺው። ግን ፕሮፋይሉ የጉግል ነው፣ ነገ ደንቡን ቢቀይር አቤት የምትይበት የለሽም፤ የራስሽ ቦታ ይኑርሽ። አንድ ገጽ ግን ለመጀመሪያ ያስኬድሻል። ዋናው ኋላ ገጽ መጨመር የሚቻልበት ሆኖ መሠራቱ ነው።

ጉግል ላይ አንደኛ ያለሽን ሰውዬ ተጠንቀቂው። ጉግል ራሱ ማንም ለአንደኝነት ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል በግልጽ ጽፏል። ሠሪ ማድረግ የሚችለው ሌላ ነው፤ የየገጹን ርዕስ በትክክል ይጽፋል፣ ፎቶዎቹ ላይ መግለጫ ያስገባል፣ ዌብሳይቱን ሰርች ኮንሶል (ዌብሳይት በጉግል ፍለጋ ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳይ የጉግል መሣሪያ) ላይ ያስመዘግባል። እነዚህን ዘርዝሮ ከነገረሽ ሥራውን ያውቃል። «አንደኛ» ብቻ ካለ ወሬ ነው።

ጽሑፉ የኛ ሙያ ትልቁ ጭቅጭቅ ነው። ዲዛይኑ አልቆ፣ ጽሑፍ እየተጠበቀ፣ ወር የሚቀመጥ ሥራ ስንት አለ መሰለሽ። ጸሐፊ ይካተት ካልሽ ዋጋው ይጨምራል፣ ይገባዋልም። ራስሽ ከጻፍሽው ግን እንደ ማስታወቂያ አትጻፊው። «ጥራት መለያችን» ማንንም አያስደውልም። ደንበኛ በስልክ የሚጠይቅሽን ጻፊ። ቆዳውን ብቻ ነው የምትቀይሩት ወይስ ስፖንጁንም? ስንት ቀን ይፈጃል? መጥታችሁ ትወስዳላችሁ? የተሰበረ እግርስ? ፎቶው ደግሞ ከመታደሱ በፊትና በኋላ በአንድ ቦታ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በቀን ብርሃን ይሁን። ያ የተቀደደ ክንድ ከታደሰው አጠገብ ሲታይ ከምጽፍልሽ ሦስት አንቀጽ ይበልጣል። ከኢንተርኔት የወረደ የሰው ሶፋ አታስገቢ፣ ባለመብቱ ካገኘሽ የሚጠየቀው ድርጅትሽ ነው።

ኬብል
ፎቶ ከተነሣ አይቀር፣ ከስልክ የወጣውን ፎቶ እንዳለ የሚጭን ሠሪ አለ። አንዱ ብቻ ብዙ ሜጋባይት ነው፣ ሃያውን ደርድሪና ገጹ ሲከፈት እንቅልፍ ይወስድሻል። ጉግል ራሱ የገጹ ዋና ነገር በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ቢታይ ጥሩ ነው ይላል። ይህን መለካት ነጻ ነው፤ ፔጅስፒድ ኢንሳይትስ ላይ አድራሻ አስገብተሽ የስልኩን ውጤት እዪ። ሦስቱም ሰዎች ከዚህ በፊት የሠሩትን ዌብሳይት ሊንክ ይላኩልሽ፣ የስክሪን ፎቶ አትቀበዪ። በስልክሽ፣ በዋይፋይ ሳይሆን በዳታ ክፈቺው። ገጹ ላይ ያለውን ስልክ ቁጥር ንኪው፣ ፎርሙን ሞልተሽ ላኪ። ያሳዩሽ ድርጅት ከመለሰልሽ ጥሩ ነው። ፎርሙ የትም ሳይደርስ የሚቀር ስንት ዌብሳይት አለ፣ ባለቤቱም አያውቅም።

ወንበር_አዳሽ
እሺ፣ እንዳላችሁት ለሦስቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ ላክሁ። ባለ5 ቀኑ «ዶሜይኑ በኔ ስም ነው፣ ሆስቲንጉን ለመክፈል ይቀልላል» አለ፣ አይ ስለው መመለስ ተወ። ባለ ኪራዩ በሐቀኝነት መለሰ፤ ብትወጡ ፎቶና ጽሑፉን ትወስዳላችሁ፣ ዲዛይኑ ግን ይቀራል አለ። ባለ ሰባት ገጹ ሥራውን አሳንሶ እንደ አዲስ ዋጋ ሰጠኝ፣ ከግማሽ በታች ወረደ። ወደ እሱ ነው ያደላሁት። ግን ሙሉውን ክፍያ በቅድሚያ ይፈልጋል፣ ከዚያ ደግሞ «ወርሃዊ ጥገና» የሚል አለው። ይህስ?

መጋዘን
ሙሉውን እንዳትከፍዪ። ቀብድ ስጪ፣ ዲዛይኑን አይተሽ ስትስማሚ ሁለተኛውን፣ ዌብሳይቱ ሥራ ጀምሮ የአድሚን መግቢያውን ከተረከብሽ በኋላ የቀረውን። ቁምነገረኛ ሠሪ በዚህ አይከፋም፣ እሱም ደንበኛ ይጠፋብኛል ብሎ ይፈራል፣ ለሁለታችሁም ይበጃል። የሠራው ነገር መብት ክፍያው ሲጠናቀቅ ወደ ድርጅትሽ እንደሚዛወር ውሉ ላይ ይጻፍ፤ በብዙ አገር ካልተጻፈ መብቱ የሠሪው ሆኖ ይቀራል።

ፒክሰል
ጥገናውን ዝም ብለሽ አትሰርዢው፣ ምን እንደሚሠራ አስዘርዝሪው። ማሻሻያ በየስንት ጊዜው ይጫናል? ባካፕ (የዌብሳይቱ መጠባበቂያ ቅጂ) የት ይቀመጣል? (በዚያው ሰርቨር ላይ ብቻ ከሆነ ሰርቨሩ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል።) በወር ስንት ትንንሽ ለውጥ ይካተታል፣ ፎቶ መቀየር ለምሳሌ? ይህን ከመለሰ ይከፈለው። «እንዳይበላሽ እንከታተላለን» ብቻ ካለ ግን ማሻሻያውን ራስሽ መጫን ትችያለሽ፣ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ ያሳይሽ፣ ለዚያ ቀን ክፈዪው። የመጀመሪያውን ባካፕ ደግሞ በምትረከቢበት ቀን በራስሽ ኮምፒውተር ላይ አውርጂ።

ወንበር_አዳሽ
ነገ አገኘዋለሁ። ውሉን ከመፈረሜ በፊት ስማችንን አጥፍቼ እዚህ እለጥፈዋለሁ፣ የቀረ ነገር ካለ በሉኝ። ሶፋ የሚታደስ ያለው ደግሞ በውስጥ መስመር :)